ደህናውን ጨርቅ አስተምሮ እንከኑን መፈለግ፦ ከሐዋሳ አንድ የሽመና ፋብሪካ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ይህ ጽሑፍ በሐዋሳ በሚገኝ አንድ የሽመና ፋብሪካ ውስጥ፣ እምብዛም የማያጋጥሙ የጨርቅ እንከኖችን በካሜራና በአመንጪ የነርቭ መረብ ለመለየት የተደረገን ሥራ ይመዘግባል። አመንጪ የሚባሉት ሞዴሎች ምስልን ከራሳቸው መሥራት የሚማሩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ናቸው። ሥራውን ከጅምሩ በአማካሪነት ተከታትዬዋለሁ። የፋብሪካውም ሆነ የሠራተኞቹ ስም አይጠቀስም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። ሥራው ሲታቀድ ዋናው ፈተና የሞዴል ምርጫ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ በተግባር ግን ከሁሉ የቀለለው እርሱ ሆነ። ከባድ ሆኖ የተገኘው ደህና ጨርቅ ምን እንደሚመስል መስማማት፣ ብርሃኑን ማስተካከልና በጨርቅ ፍተሻ ጠረጴዛው ላይ የምትሠራው ሴት በአንድ ፈረቃ ስንት የሐሰት ማንቂያ እንደምትችል መወሰን ነበር። እነዚህ ነገሮች በቴክኖሎጂ ንግግሮች ውስጥ ተገቢውን ቦታ ሲያገኙ አላየሁም።

## ፋብሪካውና የፍተሻ ጠረጴዛው

ሐዋሳ ከጨርቅ ሥራ ጋር ያላት ትውውቅ የቆየ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ስሟ ከጨርቃ ጨርቅና ከአልባሳት ጋር አብሮ ይነሳል። የምናወራለት ፋብሪካ የጥጥና የጥጥ ድብልቅ ጨርቅ ይሸምናል። ጨርቁ ያልነጣና ያልቀለመ ጥሬ ጨርቅ ሆኖ ይወጣና ወደ ማቅለሚያ፣ ከዚያም ወደ ልብስ ሰፊዎች ይሄዳል። በሙከራው የተያዘው አንድ የጨርቅ ዓይነት ብቻ ነበር፦ ወርዱ 160 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 24 የድር ክሮች ያሉት ተራ ሽመና።

ከማሽን የወረደ ጥቅል ሁሉ በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ጠረጴዛው ዘንበል ያለ ነው፤ ከላይም ከሥርም መብራት አለው፤ ጨርቁን ሞተር ይስበዋል። ተቆጣጣሪዋ ቆማ ታያለች፤ እንከን ስታገኝ ሞተሩን አቁማ ምልክት ታደርጋለች፤ በመዝገቧ ላይም ነጥብ ትጽፋለች። ነጥቡ በዓለም ላይ በሰፊው በሚሠራበት የአራት ነጥብ ዘዴ ነው የሚሰጠው፦ እስከ 3 ኢንች ለሚረዝም እንከን 1፣ ከ3 እስከ 6 ኢንች 2፣ ከ6 እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4 ነጥብ። በ100 ካሬ ያርድ ከ40 ነጥብ በላይ ያገኘ ጥቅል ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም።

ይህ ሥራ ትኩረት ይጠይቃል። የዘይት ጠብታን፣ የተበጠሰ ድርን፣ የጎደለ ማግን ልምድ ያላት ተቆጣጣሪ ጨርቁ እየሄደ ታያቸዋለች። ችግር የሚሆነው በወር አንዴ ወይም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣው ነው። ዓይን አዘውትሮ የማያየውን ነገር ለማየት ይቸገራል፤ በተለይ በሌሊት ፈረቃ መጨረሻ ላይ።

## ችግሩ

ጉዳዩን ያስነሳው አንድ ደንበኛ የመለሰው ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ ከተቀለመ በኋላ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ ስስ ሰረዞች ታዩበት። በጥሬው ጨርቅ ላይ ማንም አላያቸውም። ሰረዞቹ የመጡት ለማግ በገባው ክር መካከል ከሌላ ጭነት የመጣ ክር ተቀላቅሎ ስለነበር ነው፤ ሁለቱ ክሮች ቀለም የሚጠጡበት መጠን አንድ አልነበረም።

የፋብሪካው አመራር ሰው ያላየውን ካሜራ ሊያይ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የመጀመሪያው ሐሳብ የተለመደው ነበር፦ የእንከን ፎቶዎችን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቶ፣ ሞዴሉን በእነርሱ ማሠልጠን። የጥራት ክፍሉ ያጠራቀመው የፎቶ ክምችት ሲከፈት ግን እክሉ ወዲያው ታየ። የዘይት ጠብታ ፎቶ ሞልቷል። የተበጠሰ ድርም እንዲሁ። እምብዛም የማያጋጥሙት ግን ለእያንዳንዳቸው የአንድ እጅ ጣት የማይሞላ ፎቶ ነው ያላቸው፤ ፋብሪካው ገና ያላየው እንከን ደግሞ ፎቶ ሊኖረው አይችልም። በዚህ መንገድ የሚሠለጥን ሞዴል ተቆጣጣሪዎቹ ቀድሞውኑ የሚይዙትን መልሶ ይይዝላቸዋል፤ ያመለጣቸውን ግን አይጨምርላቸውም።

ሌላም ወጥመድ ነበር። ከ1,000 የጨርቅ ምስሎች 2ቱ ብቻ እንከን አለባቸው እንበል። ሁሉንም «ደህና ነው» የሚል ሥርዓት 99.8 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ አንድም እንከን ሳያገኝ። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው «ትክክለኛነቱ ስንት በመቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲወጣ ተስማማን። በምትኩ ሁለት ጥያቄዎች ተቀመጡ፦ ከእንከኖቹ ስንቱን ያዘ? ደህናውን ስንት ጊዜ በሐሰት ከሰሰ?

## የተመረጠው መንገድ

እንከን ጥቂት ከሆነ፣ የተትረፈረፈው ደህና ጨርቅ ነው። ሞዴሉ ደህናውን ብቻ ይማር፤ ከተማረው ወጣ ያለውን ሁሉ ያመልክት። የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ቀኑን ሙሉ እውነተኛ ብር ስትቆጥር ከርማ ሐሰተኛው እጇ ላይ ሲደርስ እንደሚያስታውቃት ነው።

አመንጪ ሞዴሎች ለዚህ ይመቻሉ። ደህና ጨርቅ ብቻ ያየ ሞዴል አዲስ ምስል ሲሰጠው፣ ምስሉን በራሱ እውቀት መልሶ ይስለዋል፤ የሚያውቀው ደህና ጨርቅን ስለሆነ የሚስለውም ደህና ጨርቅ ነው። ከዚያ ዋናው ምስልና የተሳለው ይቀናነሳሉ። በሁለቱ መካከል ልዩነት የጎላበት ቦታ እንከን ሊሆን ይችላል። የልዩነቱን መጠን «የልዩነት ውጤት» ብለነዋል።

የሐሳቡ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ምስልን በጥቂት ቁጥሮች አጥብቦ መልሶ የሚስለው ቫሪየሽናል ኦቶኢንኮደር፣ በ2014 ደግሞ ኢያን ጉድፌሎውና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ጋን መጡ፤ ጋን ሁለት መረቦችን ያፎካክራል፣ አንዱ ምስል ይሠራል፣ ሌላው እውነተኛውን ከተሠራው ለመለየት ይሞክራል። በ2017 በቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች ጋንን በጤናማ ሰዎች የዓይን ሬቲና ምስሎች ብቻ አሠልጥነው በሽታ ያለበትን ለመለየት ተጠቀሙበት፤ ዘዴው አኖጋን ተባለ። አኖጋን ለእያንዳንዱ አዲስ ምስል ረጅም ፍለጋ ስለሚያደርግ ቀርፋፋ ነበር፤ በ2019 የወጣው ኤፍ-አኖጋን ይህን ፍለጋ በአንድ ተጨማሪ መረብ ተክቶ አፈጠነው። በዚያው በ2019 ኤምቪቴክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለኢንዱስትሪ እንከን ፍለጋ የሚያገለግል 5,354 ምስሎች ያሉት ስብስብ ይፋ አደረገ፤ ከ15ቱ ክፍሎቹ ውስጥ ምንጣፍ፣ ቆዳና እንጨት ይገኙበታል፤ ለሥልጠና የተለዩት ምስሎችም እንከን አልባ ብቻ ናቸው። የእኛ ሥራ የተመሠረተው በዚህ በታወቀ እውቀት ላይ ነው፤ አዲስ ዘዴ አልፈጠርንም።

## ካሜራና ብርሃን

መጀመሪያ የተተከለው አንድ መስመር በመስመር የሚያነብ ካሜራ ነበር፤ በመስመሩ ላይ 4,096 ፒክስሎች አሉት። 160 ሴንቲ ሜትር ለ4,096 ሲካፈል ለአንድ ፒክስል 0.39 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሴንቲ ሜትር 24 ክር ባለው ጨርቅ ላይ ግን ከአንዱ ክር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 0.42 ሚሊ ሜትር ነው። ለአንድ ክር የደረሰው አንድ ፒክስል ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ካሜራው ክሮቹን ለይቶ ማየት ቀርቶ፣ በጨርቁ ላይ የሌለ ሰፋፊ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞይሬ ይሉታል። ሞገዱ ጨርቁ ትንሽ በተወጠረና በላላ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ሞዴሉም እያንዳንዱን ለውጥ እንደ እንከን ቆጠረው።

መፍትሔው ሁለተኛ ካሜራ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ለአንድ ክር ከሁለት ፒክስል በትንሹ የሚበልጥ ይደርሳል፤ ይህ የሚፈለገው ዝቅተኛው ነው። ተጨማሪ ወጪ ስለሆነ አመራሩ ወዲያው አልተቀበለውም ነበር። ያሳመነው ሥዕል ነው፦ ያንኑ የጎደለ ማግ በአንድ ካሜራና በሁለት ካሜራ አንስተን አጠገብ ለአጠገብ አተምነው። በመጀመሪያው ላይ ሞገድ እንጂ ማግ የለም። በሁለተኛው ላይ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይታያል።

ብርሃኑ ከዚህ የባሰ አስቸጋሪ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ የሚገኘው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው፤ የፍተሻ ክፍሉም መስኮቶች ወደዚያው ይመለከታሉ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ጠረጴዛውን አግድም ይመታዋል። በጨርቁ ላይ ያለች ትንሽ መጨማደድ ሁሉ ጥላ ትጥላለች፤ ማንቂያውም ይበዛል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳም የመብራቶቹ ድምቀት ይለዋወጥ ነበር። መጋረጃ ተሰቀለ፣ በካሜራዎቹ ዙሪያ ጥቁር ሽፋን ተሠራ፣ በጠረጴዛው ዳር ደግሞ ሁልጊዜ በካሜራ ውስጥ የሚታይ ነጭ ሰረዝ ተለጠፈ። ኮምፒውተሩ የነጩን ሰረዝ ድምቀት እየለካ ምስሉን ያስተካክላል፤ ድምቀቱ ከተወሰነው ወሰን ከወጣ ፍተሻውን አቁሞ ያሳውቃል። ከጨርቁ በፊት ደግሞ የጥጥ ብናኝ የሚጠርግ ብሩሽ ገባ፤ ብናኝ ለሞዴሉ ከቋጠሮ አይለይምና።

እነዚህ ሥራዎች ከማንኛውም የሞዴል ለውጥ ይልቅ የሐሰት ማንቂያን ቀንሰዋል።

## «ደህና» የቱ ነው?

ለሥልጠና የሚሆኑ ደህና ምስሎች የተሰበሰቡት ፍተሻ ካለፉ ጥቅሎች ነበር። ምስሎቹ 256 በ256 ፒክስል ወደሆኑ ቁራጮች ተከፋፈሉ። ፍተሻ አለፈ ማለት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ ነጥቡ ከወሰን በታች ነው ማለት ነው። በ«ደህና» ክምር ውስጥ የተደበቀ እንከን ካለ ሞዴሉ እርሱንም እንደ ደህና ይማረዋል፤ ከዚያ በኋላ አይከስሰውም።

ስለዚህ ክምሩ መጽዳት ነበረበት፤ የሚያጸዳው ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ከሁሉ በላይ ልምድ ያላቸው አንዲት የጥራት ተቆጣጣሪ ከወጣቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጎን ተቀምጠው ምስሎቹን ማየት ጀመሩ። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ባለሙያው እንከን ብሎ የለየውን አንድ ስስ መስመር አይተው «ይህ እኮ ማሽኑ ቆሞ ሲነሳ የሚተወው ምልክት ነው፤ ይህን ያህል ከሆነ ሲታጠብ ይለቃል» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ እርሱ ያሳለፈውን አስቆሙት፦ «ልጄ፣ ይህኛው አያልፍም። ጥቅሉን አስመጣና በእጅህ ዳስሰው።» ጥቅሉ መጣ። ምስሉ ላይ ጥቂት ደብዘዝ ያለ ከመምሰል በቀር ምንም አልነበረውም፤ በመዳፍ ሲዳሰስ ግን ክሩ ወፍራም የሆነበት ቦታ ይሻክራል።

ከዚህ ሥራ የወጣው የጽሑፍ ስምምነት በእኔ ግምት የፕሮጀክቱ ትልቁ ውጤት ነው። ፋብሪካው ለብዙ ጊዜ በተቆጣጣሪዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የነበረውን ዳኝነት በፎቶ አስደግፎ አስፍሯል፦ የትኛው የመነሻ ምልክት ያልፋል፣ የትኛው አያልፍም፣ የትኛው ለማቅለሚያ ክፍል ተነግሮ ያልፋል። ሁለት ተቆጣጣሪዎች የተለያዩባቸው ምስሎች ከሥልጠናውም ከፈተናውም ወጥተው ለብቻቸው ተቀመጡ። ሰዎቹ ባልተስማሙበት ነገር ሞዴሉን መፈተን ፍትሐዊ አይሆንም።

## ሥልጠናው፦ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የመጀመሪያው ሞዴል ቀላል ኦቶኢንኮደር ነበር። ምስሉን አጥብቦ በጥቂት ቁጥሮች ይይዘዋል፤ ከእነዚያ ቁጥሮች መልሶ ይስለዋል። የጎደለ ማግን ያዘ። የዘይት ጠብታ ሲሰጠው ግን የዘይት ጠብታውን ራሱን ጥሩ አድርጎ ሳለው! ጠብታ አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን መሃሉ፣ ማለትም ምስሉ ወደ ጥቂት ቁጥሮች የሚጠብበት ክፍል፣ ሰፊ ስለነበር ያልተማረውንም ነገር መቅዳት ችሏል። በዚህ ዘርፍ የታወቀ ድክመት ነው፦ መልሶ በመሳል የጎበዘ ሞዴል እንከኑንም ይስላል፣ ልዩነቱም ይጠፋል። መሃሉ ሲጠብ ጠብታውን መቅዳት አቆመ፤ ነገር ግን ደህናውንም ጨርቅ አደብዝዞ መሳል ጀመረ፤ በክሮቹ መካከል ያለው ጥርት ያለ ወሰን ሁሉ እንደ ልዩነት ተቆጠረ።

ጥቂት የረዳው የልዩነቱን መለኪያ መቀየር ነው። ፒክስልን ከፒክስል ከመቀነስ ይልቅ የአካባቢውን ብርሃን፣ ንፅፅርና ቅርፅ አንድ ላይ የሚያመዛዝነው ኤስኤስአይኤም የተባለ መለኪያ ተሞከረ። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው፤ በ2018 ደግሞ በተሸመነ ጨርቅ ላይ ጭምር ለእንከን ፍለጋ ተፈትኖ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በእኛም ጨርቅ ላይ በቀለም የማይለዩ የሽመና መዛባቶችን አጎላ።

በኤፍ-አኖጋን መንገድ የተሠራው ሞዴል የሚስለው ጨርቅ ጥርት ያለና እውነተኛ የሚመስል ነበር። ችግሩ አንድ ክር ከቦታው በግማሽ ፒክስል እንኳ ፈቀቅ ካለ የሚስለው ጨርቅ ከዋናው ጋር አይገጥምም፤ ሲቀናነሱ መላው ምስል በልዩነት ይሞላል። ሥልጠናውም አይረጋም ነበር፤ የመብራት መቆራረጥ ሲጨመርበት ደግሞ ከመካከል እየቀረ ከመጨረሻው ከተቀመጠው መጀመር ግድ ሆነ። ይህ መንገድ ተተወ።

በመጨረሻ የቆየው ሦስተኛው ነው። በደህና ምስል ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ የሐሰት እንከን ይለጥፋል፦ ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ ከሌላ ምስል የተቆረጠ ቁራጭ። ሞዴሉ የተበላሸውን አይቶ ያልተበላሸውን መልሶ መሳል፣ የተበላሸውንም ቦታ ማመልከት ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ድሬም የተባለው ዘዴ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው። የሐሰት እንከኖቹ እውነተኛውን መምሰላቸው ያን ያህል ግድ አይደለም፤ ሞዴሉ «መቅዳት አይበቃም፣ መጠገን አለብህ» የሚለውን እንዲማር ያደርጉታል። ዘይቱ በዚህ ተያዘ።

ለንፅፅር አመንጪ ያልሆነ መንገድም ተፈትኗል። ፓችኮር የተባለው ዘዴ ምንም አይስልም፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ተራ ፎቶዎች አስቀድሞ የሠለጠነ መረብ ከደህና ጨርቅ ያወጣቸውን መለያዎች ያከማቻል፤ አዲሱ ምስል ከክምችቱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። ሥልጠናው አጭር ነው፤ በነጠብጣብና በቀዳዳ ላይም ከአመንጪው በለጠ። አመንጪው የበለጠው የሽመናው ሥርዓት በረጅሙ በሚዛባባቸው እንከኖች ላይ ነው፤ ከዚያም በላይ ተቆጣጣሪዋ «ለምን ከሰስከው?» ብትል የሚያሳያት ነገር አለው፦ የመጣው ጨርቅ ይህ፣ መሆን የነበረበት ይህ። ሁለቱም ሥራ ላይ ቆዩ።

አንድ ነገር በተለይ ሊመዘገብ ይገባዋል። ጥቅል አልቆ ባዶው ነጭ ጠረጴዛ በካሜራ ሥር ሲታይ፣ የኦቶኢንኮደሩ የልዩነት ውጤት ከፍ ይላል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ባዶ ጠረጴዛ ጨርቅ አይደለምና። ውጤቱ ግን ከማንኛውም ጨርቅ በታች ወረደ። ለሞዴሉ ከሁሉ «ደህናው» ባዶው ጠረጴዛ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ባዶ ነጭ ምስል ለመሳል ከሁሉ ይቀላል። ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ፣ በእንስሳትና በተሽከርካሪዎች ፎቶ የሠለጠኑ አመንጪ ሞዴሎች ጨርሶ ላላዩዋቸው የቤት ቁጥር ፎቶዎች ከሠለጠኑባቸው ምስሎች ይልቅ ከፍ ያለ የመከሰት ዕድል እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ሞዴሉ «አውቀዋለሁ» ሲል «ይቀለኛል» ማለቱ ሊሆን ይችላል። በፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ መኖሩን ብቻ የሚያረጋግጥ ቀላል ፍተሻ ከሞዴሉ በፊት ገባ።

## ወሰኑን መቁረጥ

የልዩነት ውጤት ቁጥር ነው፤ ከስንት በላይ ሲሆን ማንቂያ ይነፋ? እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ ከሰው ጋር የሚገናኘው። 100 ሜትር ርዝመትና 160 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ ጥቅል 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጎን ባላቸው ቁራጮች ሲከፋፈል ከ60 ሺህ በላይ ይሆናል። ሞዴሉ ከ1,000 ደህና ቁራጮች አንዱን ብቻ በሐሰት ቢከስስ፣ በወረቀት ላይ እጅግ ጥሩ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ግን በአንድ ጥቅል 60 የሐሰት ማንቂያ ማለት ነው። እውነተኛው እንከን ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን፣ ተቆጣጣሪዋ ከሃያ በላይ ጊዜ በከንቱ ቆማ አንዴ ነው የምታገኘው። ማንም ሰው እንዲህ ያለውን ማሽን ማመን ያቆማል፤ ማቆሙም ትክክል ነው።

ሦስት ነገሮች ተደረጉ። የአንድ ቁራጭ ብቻውን መከሰስ ማንቂያ እንዳያስነሳ ተደረገ፤ ጎረቤት ቁራጮችም እንዲመሰክሩ ይጠበቃል፣ ወይም የአንዱ ውጤት እጅግ ከፍ ማለት አለበት። ማንቂያው ሞተሩን የሚያቆመው ለከባዱ ብቻ ሆነ፤ ቀሪው በስክሪን ላይ ይመዘገብና ጥቅሉ ሲያልቅ ይታያል። ወሰኑንም የምትቀንሰውና የምትጨምረው የፈረቃው ተቆጣጣሪ እንድትሆን ተወሰነ፤ ያደረገችው ለውጥ ከምክንያቱ ጋር ይጻፋል።

ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ከአመራሩ በኩል ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ «ሁሉም እንደፈለገ ያደርገዋል» የሚል። እኔ አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። ወሰኑ በሌላ ሰው እጅ በነበረበት ጊዜ ማንቂያው ሲበዛባቸው ተቆጣጣሪዎቹ ድምፁን ዘግተውት ነው የሚሠሩት።

ተቆጣጣሪዎቹ ካሜራው እነርሱን ለመተካት ወይም ለመሰለል እንዳልመጣ ማረጋገጫ ፈልገው ነበር። ስጋቱ ተገቢ ነው። ካሜራዎቹ ከጨርቁ ውጭ ምንም እንዳያነሱ ተደረገ፤ ማንቂያዎችም ከሠራተኛ መለያ ጋር እንዳይያያዙ በጽሑፍ ተወሰነ። ከዚያ በፊት በስብሰባ ላይ ዝም ይሉ የነበሩት ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሞዴሉ ስሕተቶች መናገር የጀመሩት።

## የተገኘው ውጤት

ሥርዓቱ በቀን ፈረቃ ላይ ልምድ ባላቸው ተቆጣጣሪዎች ሥራ ላይ ብዙ አልጨመረም። ልዩነት ያመጣው በሌሊት ፈረቃና በአዲስ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ነው። በፎቶ ክምችቱ ውስጥ ያልነበረ እንከንም ይዟል፦ የጨርቁን ጠርዝ ተከትሎ በረጅሙ የሚሄድ፣ ሁለት የድር ክሮች ቦታ የተለዋወጡበት የሽመና መዛባት። ማንም ስላላስተማረው እንከን የመጣ ማንቂያ ስለነበር፣ የዚህ ዓይነት ሞዴል ለምን እንደተመረጠ በተግባር ያሳየ እርሱ ነው።

የተመለሰውን ጨርቅ ያበላሸው የክር መቀላቀልስ? ሞዴሉ አልያዘውም፤ የትኛውም ሞዴል ሊይዘው አይችልም ነበር። ሁለቱ ክሮች በጥሬው ሳሉ በውፍረትም በመልክም አንድ ናቸው፤ በተራ ብርሃን በተነሳ ምስል ውስጥ ልዩነታቸው የለም። በምስሉ ውስጥ የሌለን ነገር መረብ አያወጣውም። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ፍለጋው ከፍተሻ ጠረጴዛው ወደ ክር መጋዘኑ ተዛወረ። በክር ፋብሪካዎች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፦ የክር ኮኖችን በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ማየት። ከተለያየ ጭነት የመጡ ክሮች ብዙ ጊዜ በዚህ ብርሃን ድምቀታቸው ይለያያል። መጋዘኑ አንድ እንዲህ ያለ መብራት ገዛ፤ ኮኖቹም ወደ ማሽን ከመውጣታቸው በፊት በእርሱ ሥር ማለፍ ጀመሩ። ሥራውን ያስጀመረው ችግር መፍትሔ ያገኘው ከካሜራዎቹ ዋጋ ጥቂቱን ብቻ በወሰደ መብራት ነው።

## ለሌሎች የሚጠቅመው

ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስብ ሰው፣ በጨርቅም ይሁን በቡና ለቀማ ወይም በሕክምና ምስል፣ በመጀመሪያ የምጠይቀው «የምትፈልገው ነገር በምስሉ ላይ አለ?» የሚለውን ነው። ሊታወቅ የሚችለው በቀላል መንገድ ነው፦ በመስኩ ከሁሉ የላቀ ልምድ ላለው ሰው ምስሉን ብቻ አሳዩት፤ ዕቃውን አያሳዩት። እርሱ ካላየው ብርሃኑን፣ ካሜራውን ወይም የፍተሻውን ቦታ መቀየር እንጂ መረብ ማሠልጠን አያዋጣም። እኛ ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ የእንከን ዓይነት ለየብቻ ስንጠይቅ ነው የክር መቀላቀሉ ከዝርዝሩ የወጣው።

ሁለተኛው ከ«ደህና» ክምር ጋር የተያያዘ ነው። ደህና ምስል የትም ሞልቷል ስለሚባል ሰዎች ሳያዩት ይከምሩታል። በክምሩ ውስጥ ሁሉም የፈረቃ ሰዓት፣ ሁሉም ማሽን፣ የተለያየ የውጥረት መጠን ሊኖር ይገባል፤ አለበለዚያ ሞዴሉ የሌሊቱን ጨርቅ በሌሊትነቱ ብቻ ይከስሰዋል። ለፈተና የሚሆኑ ጥቂት እውነተኛ እንከኖችም ከሥልጠናው ፈጽሞ ርቀው መቀመጥ አለባቸው፤ ጥቂት ስለሆኑ ወሰኑን ለመቁረጥም ለመጨረሻ ፈተናም በአንዶቹ መጠቀም ያጓጓል፤ ያኔ ውጤቱ ራስን ማታለል ይሆናል።

በሕክምና ላይ ለሚሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ፤ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስለሆነ። እዚህ ጥቅም የሰጠን ባሕርይ፣ ማለትም ሞዴሉ ያየውን ትቶ ደህናውን መሳሉ፣ ምስሉ ለሐኪም የሚታይ ከሆነ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የአንጎል ምስልን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀይሩ ጋኖች በምን ዓይነት ምስል እንደሠለጠኑ ላይ ተመሥርተው ዕጢን ሊያጠፉ ወይም የሌለ ዕጢ ሊጨምሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። የተሳለው ምስል የሚያገለግለው ከዋናው ጋር ለማነጻጸር ነው፤ ዋናውን ተክቶ ለውሳኔ መቅረብ የለበትም።

ፋብሪካው አሁን ያልመለሰው ጥያቄ የጨርቅ ዓይነት ለውጥ ነው። አዲስ ሽመና በመጣ ቁጥር ደህና ምስሎችን መሰብሰብ፣ ከተቆጣጣሪዎች ጋር ማጽዳትና እንደገና ማሠልጠን ያስፈልጋል። ለረጅም ትእዛዝ ያዋጣል፤ ለአጭሩ አያዋጣም። በዚህ ምክንያት ባለ ቀለም ሰረዝና ባለ አራት ማዕዘን ንድፍ ያላቸው ጨርቆች ለጊዜው በሰው ዓይን ብቻ እንዲፈተሹ ተወስኗል።